የጠመንጃውን ማኅተም ሞረድ አይንካው

በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን ሲቃረብ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው አሮጌ ጠመንጃ መውረዱ የተለመደ ነው። አቧራው ይራገፋል፤ ማንገቻው ይታያል፤ ሰደፉ ቅባት ይጠጣል። ይህን የሚያደርግ ሰው የአባቶቹን አደራ ጠባቂ ነውና ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ አንድ የማያስደስት ልማድ ደጋግመን በማየታችን ይህን ለመጻፍ ተገድደናል። ይኸውም ብረቱ እንደ መስታወት ካላብረቀረቀ ክብሩ የቀነሰ የሚመስላቸው ሰዎች በብርጭቆ ወረቀትና በሞረድ እየፋቁ፣ ከዝገቱ ጋር ፊደሉንም፣ ቁጥሩንም፣ ዘውዱንም አብረው ማጥፋታቸው ነው።

በእኛ አስተያየት በጠመንጃ ላይ የተመታ ማኅተም ከጠመንጃው የሚበልጥ ዋጋ አለው። ሰደፍ ቢሰበር አናጢ ይሠራዋል፤ ማንገቻም ቢበጠስ ቆዳ ሰፊ ይቀጥለዋል። መሣሪያው የት እንደተሠራ፣ መቼ እንደተሠራ፣ የየትኛው መንግሥት ንብረት እንደነበረ የሚመሰክረው ግን ያ ጥፍር የማያክል ምልክት ነው። እሱ ከጠፋ የሚተካው የለም።

ነገሩን በቅርብ ያየነውን በመናገር እንጀምር። ባለፈው የካቲት በሰፈራችን የሚኖሩ ሁለት ወንድማማቾች ወደ ቤታቸው ጠሩን። ታላቅየው ጡረታ የወጡ የሃምሳ አለቃ ሲሆኑ ታናሽየው በንግድ የሚተዳደሩ ናቸው። በነጠላ የተጠቀለለ አጭር ጠመንጃ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። በቤተሰቡ ዘንድ ሲነገር የኖረው፣ ጠመንጃውን አያታቸው በአድዋ ጦርነት ከአንድ የጣልያን መኰንን እጅ እንደቀሙት ነው። ታናሽየው በዓሉ ከመድረሱ በፊት ብረቱን ሊያስፍቁት አስበው ብርጭቆ ወረቀቱ ተገዝቶ አጠገቡ ተቀምጧል። የሃምሳ አለቃው ግን «ከመንካታችን በፊት የተጻፈበትን የሚያነብ ሰው ይይልን» በማለታቸው ነው መልእክተኛ ወደ እኛ የመጣው።

ጠመንጃው ባዶ መሆኑን የሃምሳ አለቃው ራሳቸው ከፍተው ካሳዩን በኋላ፣ በብረቱ ላይ የጠመኔ ዱቄት ነስንሰን በጣታችን አሻሸነው። ጠልቆ የተመታው ፊደል ጠመኔውን ይዞ ነጭ ሆኖ ወጣ። ብሬሻ ይላል፤ ቀጥሎ 1936 ይላል፤ ከአኃዙም ቀጥሎ በሮማ ቁጥር አሥራ አራት ይላል።

ብሬሻ በሰሜን ጣልያን የምትገኝ፣ በጦር መሣሪያ ሥራ የታወቀች ከተማ ናት። 1936 የፈረንጅ ዓመት ነው። አሥራ አራቱ ደግሞ ፋሺስቶች ሙሶሊኒ ሥልጣን ከያዘበት ከጥቅምት 1915 ዓ.ም. ጀምረው የሚቈጥሩት የራሳቸው ዘመን ነው። በዚያ ቈጠራ አሥራ አራተኛው ዓመት ከጥቅምት 1928 እስከ ጥቅምት 1929 ዓ.ም. ያለው ነው። እንግዲህ ሁለቱ ቁጥሮች እርስ በርሳቸው ይመሰካከራሉ። ጠመንጃው የተሠራው ከአድዋ ድል አርባ ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ ነው።

የሃምሳ አለቃው ፊታቸው ተለወጠ። «ታዲያ አያቴ ዋሽተው ኖረዋል ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁን። የምንመልሰው ቸገረን። በዚህ መካከል በጓዳው በር አጠገብ የተቀመጡት፣ ዕድሜያቸው ከዘጠና ያለፈው እናታቸው «አያታችሁ ምን አደረጉ! የአባታችሁ ነው እንጂ» አሉ። «በአርበኝነቱ ዘመን ያመጡት ነው። እሳቸው ወሬ አይወዱም ነበር፤ እናንተም የአድዋውን ወደዳችሁት፤ እኔም ተውኩት።»

ታናሽየው ብርጭቆ ወረቀቱን አንሥተው ኪሳቸው ከተቱት።

እዚህ ላይ ማኅተሙ ከሚናገረው በላይ እንዳናናግረው መጠንቀቅ አለብን። ብሬሻ የሚለው ጽሑፍ አባትየው አርበኛ እንደነበሩ አልመሰከረም፤ ጠመንጃው በማን እጅ፣ በየትኛው ሸንተረር እንደተማረከም አልነገረንም። የነገረን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በአድዋ አለመኖሩን ነው። ያ አንድ ነገር ግን የአረጋዊቷን አፍ አስከፈተ። የአያት ዝና የአባትን ሥራ ውጦት እንደኖረ ያወቁት ያን ዕለት ነው። ብርጭቆ ወረቀቱ ቀድሞ ቢሆን ኖሮ፣ አያትየው ባልዋሉበት ሲመሰገኑ አባትየው በዋሉበት ሳይታወሱ በቀሩ ነበር።

እንግዲህ ማኅተም ሊጠበቅ የሚገባው ነው ካልን፣ እንዴት እንደሚነበብም ጥቂት ማለት አለብን። ቁጥር ማየትና ማኅተም ማንበብ የተለያዩ ነገሮች ናቸውና።

አንባቢያችን የማርያ ትሬዛን ብር ያስታውሱ። በዚያ ጠገራ ብር ላይ የተጻፈው ዓመት 1780 ነው። ንግሥቲቱ ያረፈችው በዚያው ዓመት ሲሆን፣ ብሩ ግን ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ያው 1780 እየተጻፈበት ሲመታ ኖሯል። ስለዚህ አያቶቻችን በገበያ ላይ ብር ሲቀበሉ የንግሥቲቱን የራስ ጌጥና የትከሻ ጌጥ ይመረምሩ ነበር እንጂ በዓመቱ አይተማመኑም ነበር። በጠመንጃ ላይም እንዲሁ የማይለወጥ ዓመት አለ። ይህም መሣሪያው የተሠራበት ሳይሆን የመሣሪያው ዓይነት በመንግሥት የጸደቀበት ዓመት ነው።

ለምሳሌ ውጅግራን እንውሰድ። ስሙ «ፉዚ ግራ» ከሚለው ከፈረንሳይኛው መጠሪያ የመጣ ነው። በጎኑ ላይ በተቀጣጠለ ፊደል የሠሪው መንግሥታዊ ፋብሪካ ስም፣ ሴንት ኤትየን ወይም ሌላ፣ ይጻፍና ከሥሩ «ሞዴል 1874» ይላል። ይህን ያዩ ሰዎች «የ1874 ጠመንጃ ነው» ሲሉ ብዙ ጊዜ ሰምተናል። አይደለም። 1874 ፈረንሳይ ይህን ዓይነት ጠመንጃ የተቀበለችበት ዓመት ነው፤ ጠመንጃው ራሱ የተሠራበት ዓመት በበርሜሉ ላይ ለብቻው ይመታል። ከሞዴሉ ቀጥሎ 80 የሚል ቁጥር የተጨመረበት ካለ ደግሞ በ1880 በወጣው ደንብ መሠረት ማሻሻያ የተደረገበት ነው። አንድ ውጅግራ እንግዲህ ሦስት ቁጥር ይዞ ሦስቱም የተለያየ ነገር ሊናገሩ ይችላሉ።

ሬሚንግተን ደግሞ ከዚህ የባሰ ያታልላል። ይህ የአሜሪካ ጠመንጃ ከመቀርቀሪያው በስተ ኋላ ባለው ብረት ላይ የሠሪውን ስም፣ ኢሊዮን የምትባለዋን የኒው ዮርክ ከተማ፣ ከዚያም 1864፣ 1866 የመሳሰሉ ዓመታትን ከነወራቸውና ከነቀናቸው ደርድሮ ይዟል። ይህን ያህል ዝርዝር ቀን ያየ ሰው የልደት ወረቀት ያገኘ ቢመስለው አይፈረድበትም። ነገር ግን እነዚህ ዓመታት የፈጠራ መብት የተመዘገበባቸው ናቸው። ከነሱ የምንማረው ጠመንጃው ከመጨረሻው ቀን በፊት ያልተሠራ መሆኑን ብቻ ነው፤ ከዚያ በኋላ በስንት ዓመት እንደተሠራ አይናገሩም።

ሬሚንግተን በሀገራችን ታሪክ የራሱ ምዕራፍ አለው። የግብፁ ከዲቭ እስማኤል ጦሩን ያስታጠቀው በዚህ ጠመንጃ ነበር። በ1868 ዓ.ም. ያ ጦር በጉንደትና በጉራዕ በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ድል ሲሆን ብዙ መሣሪያ ከምርኮው ጋር ገብቷል። ከግብፅ የመጣውን ሬሚንግተን ከሌላው ለመለየት በብረቱና በእንጨቱ ላይ የዐረብ አኃዝ መኖሩን መፈለግ ይረዳል። የዐረብ አኃዝ ያለበትን ሬሚንግተን በሞረድ መንካት፣ ለእኛ እንደሚሰማን፣ የጉራዕን ምስክር እንደ ማሳወር ነው።

1868 ካልን ዘንድ ስለ ዘመን አቆጣጠር እንናገር፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ለእኛ 1868 የጉንደትና የጉራዕ ዓመት ነው። ለእንግሊዞች ግን 1868 የመቅደላ ዓመት ነው፤ በእኛ 1860 መሆኑ ነው። እንዲሁም 1888 ለእኛ አድዋ ነው። በፈረንጅ ብረት ላይ የተመታ 1888 ግን አድዋ ከመሆኑ ከሰባትና ከስምንት ዓመት በፊት ያለ፣ በእኛ 1880 እና 1881 የሆነ ዓመት ነው። በአሮጌ ጠመንጃ ላይ ይህን አኃዝ አይቶ «ይኸው አድዋ ተጽፎበታል» ብሎ የተሟገተን አንድ ወዳጃችን አለ። ጣልያን በተሸነፈበት ጦርነት ዓመት፣ ያውም በሐበሻ አቆጣጠር፣ የገዛ ጠመንጃውን ለምን ያትማል ብለን ብንጠይቀው ስቆ ዝም አለ። ሆኖም በሚቀጥለው በዓል ያንኑ ሲደግም ሰምተነዋል።

ለመሆኑ በአድዋ የተማረከ የጣልያን ጠመንጃ ምን ይመስላል? ጣልያን ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቀውን ባለ 6.5 ሚሊሜትሩን ሞዴል 1891 ካርካኖን ከጦርነቱ በፊት መቀበሏ እውነት ነው። ነገር ግን በአድዋ የተሰለፈው ጦሯ በብዛት የያዘው የቀድሞውን ቬተርሊ ነበር። ቬተርሊ አፈሙዙ ሰፊ፣ ጥይቱ ከ10 ሚሊሜትር ያለፈ ወፍራም ነው። መጀመሪያ አንዳንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ሆኖ በ1870 የጸደቀ ሲሆን፣ በ1887 በወጣው ማሻሻያ ቪታሊ የሚባለው ባለ አራት ጥይት ካዝና ከሥሩ ተጨመረለት። በበርሜሉ ጎን ቶሪኖ፣ ብሬሻ፣ ቴርኒ ወይም ቶሬ አኑንዚያታ ከሚሉት አንዱ ከዓመት ጋር ይገኝበታል። እንግዲህ አንድ ሰው የአድዋ ምርኮ ነው ብሎ ካርካኖ ቢያሳየን ወዲያውኑ ባንክደውም እንጠራጠራለን፤ በላዩ ከ1896 ወዲህ የሆነ የፈረንጅ ዓመት ካለበት ግን ክርክሩ አበቃ።

ቬተርሊ የሆነ ሁሉ ደግሞ የአድዋ ምርኮ ነው ማለት አይደለም። ጣልያን ከአድዋ በፊት የምኒልክ ወዳጅ መስላ በቈየችባቸው ዓመታት ራሷ ጠመንጃ ስትሰጥና ስትሸጥ ነበር። ከዚያም በኋላ ቬተርሊ በቅኝ ግዛት ወታደሮቿ እጅ ብዙ ጊዜ ቈይቷል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ከአሮጌዎቹ አያሌዎቹ በበርሜላቸው ውስጥ ቀጭን በርሜል ገብቶላቸው የካርካኖን ጥይት እንዲተኩሱ ተደርገዋል። ስለዚህ በውጭ የ1880ዎቹ ማኅተም ያለው፣ አፈሙዙ ግን የጠበበ ቬተርሊ ያገኘ ሰው፣ ያ ጠመንጃ ከአድዋ ሃያ ዓመት ያህል በኋላ በጣልያን ፋብሪካ እጅ እንደነበረ ይወቅ። በምኒልክ ዘመን የተማረከ ቢሆን ኖሮ ወደዚያ ተመልሶ ባልታደሰም ነበር። አፈሙዙን በጣት መለካት ብቻ ይህን ያህል ታሪክ ይናገራል።

አንባቢያችን አሁን ይህ ሁሉ ምርመራ የሰውን ኩራት ለመንጠቅ የታሰበ ይመስላቸው ይሆናል። እኛ የምናስበው በተቃራኒው ነው። ጠመንጃ ይለወጣል፤ ይሸጣል፤ ይሰጣል፤ በሠርግና በውርስ ይተላለፋል። አድዋ የዘመተ አያት ያን ጊዜ የያዘውን ጠመንጃ በኋላ በሌላ ለውጦት ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹም አዲሱን ከአሮጌው ታሪክ ጋር አገናኝተውት ይሆናል። ማኅተሙ ቤተሰቡን ውሸታም አያሰኝም። ውሸት የሚመጣው ማኅተሙ ሆን ተብሎ ሲጠፋ፣ ወይም የሌለ ሲመታ ነው።

ስለ ምንሽር ጥቂት ሳንል ብናልፍ ይቆጨናል። ይህ በፉከራና በቀረርቶ የተዘፈነለት ስም ማንሊከር ከሚባለው የኦስትርያ ጠመንጃ ሠሪ ስም እንደመጣ ይነገራል። በጀርባው ላይ ሽታየር ወይም ቡዳፔስት ይልና ከሥሩ «ኤም 95» የሚል አለ። 95ቱ እንደ ማርያ ትሬዛ ብር ዓመት የማይለወጥ የሞዴል ቁጥር ነው። እውነተኛውን ዓመት የፈለገ ሰው በበርሜሉ ላይ ባለ ሁለት ራስ ንስር ይፈልግ። ከንስሩ በአንድ በኩል የቪየና ምልክት የሆኑ ሁለት ፊደላት፣ በሌላው በኩል ሁለት አኃዝ ይገኛሉ፤ 16 ካለ 1916፣ 17 ካለ 1917 በፈረንጅ አቆጣጠር ማለት ነው። ይህ ቁጥር የኦስትርያ መንግሥት መርማሪዎች መሣሪያውን ፈትነው የተረከቡበትን ዓመት ያመለክታል።

ከነዚህ ምንሽሮች በአንዳንዶቹ እንጨት ላይ ደግሞ ሦስት የላቲን ፊደላት፣ «አ. ኦ. ኢ.»፣ ተመትተው ይገኛሉ። ትርጉማቸው «የጣልያን ምሥራቅ አፍሪካ» ነው። ነገሩን ልብ እንበለው። ኦስትርያ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተሸነፈች፤ ጣልያን ከአሸናፊዎቹ አንዷ በመሆኗ ብዙ የኦስትርያ ጠመንጃ እጇ ገባ። ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ ያንኑ ጠመንጃ በወረራ ለያዘችው ለኛ አገር ላከችው። «አ. ኦ. ኢ.» የሚባለው ግዛት የኖረው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አምስት ዓመት ብቻ ነው። ቪየና የተፈተነ፣ በጣልያን የተወረሰ፣ እዚህ መጥቶ የባለቤት ፊደል የተመታበት፣ በመጨረሻም በኛ ሰው ግድግዳ ላይ የተሰቀለ አንድ ጠመንጃ! ይህን ሁሉ የያዘው ሦስት መስመር የማይሞላ ማኅተም ነው። የመጨረሻው ደግሞ በእንጨት ላይ ስለሆነ፣ ብረቱን የማይነኩ ጥንቁቆች እንኳ ሰደፉን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ቬርኒሽ ሲቀቡ ያጠፉታል።

የእንግሊዞቹ ማኅተም በአንጻሩ ለማንበብ ይቀላል። ሊ ኤንፊልድን ብዙ ወታደር ያውቀዋል። ሰደፉ ከብረቱ በሚገናኝበት ላይ ዘውድ አለ፤ ከዘውዱ ሥር ያሉት ሁለት ፊደላት ንጉሡን ይናገራሉ። «ቪ አር» ንግሥት ቪክቶርያ፣ እስከ 1901፤ «ኢ አር» ኤድዋርድ ሰባተኛ፣ እስከ 1910፤ «ጂ አር» ከዚያ በኋላ የነገሡት ጆርጆች ናቸው። «አይ» የምትል ሦስተኛ ፊደል ከተጨመረች በሕንድ አገር የተሠራ ነው። ከሥሩ የፋብሪካው ስምና ዓመቱ ይከተላሉ። ሰፊ የቀስት ጫፍ የእንግሊዝ መንግሥት ንብረት ምልክት ነው፤ ሁለት የቀስት ጫፎች ፊት ለፊት ተገጣጥመው ከታዩ መንግሥት ከአገልግሎት አውጥቶ የሸጠው ነው። አንዳንዱ ኤንፊልድ ደግሞ «የአሜሪካ ንብረት» የሚል ጽሑፍ ስላለበት ሰው ይደናገራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሳቬጅ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በጦር ዕርዳታው ውል መሠረት ለእንግሊዝ የሠራው ስለሆነ ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም።

በቤልጅግ አገር ኤርስታል ከተማ በሚገኘው ፋብሪካ የተሠራው ሞዘር ሲሆን፣ በላዩ ዘውድ የደፋ የይሁዳ አንበሳ የተመታበት ይገኛል። ይህ ምርኮ ሳይሆን የኢትዮጵያ መንግሥት ከወረራው በፊት በገንዘቡ አዝዞ ያስመጣው ነው። በእኛ ግምት ከየትኛውም ማኅተም ይልቅ በግዴለሽነት እየተፋቀ ያለው ይኸው አንበሳ ነው። የተማረከ ጠመንጃ ያኮራል፤ የተገዛ ግን ተራ ነገር ይመስላቸዋል። አንድ መንግሥት ሊወጋ መሆኑን ዐውቆ ያለውን ገንዘብ ሰብስቦ ጠመንጃ ሲገዛ የነበረበት ጭንቀትም ታሪክ ነው።

ወታደር የሆኑ አንባቢዎቻችን ስለ ቁጥሮች መዛመድ ከእኛ የተሻለ ያውቃሉ። በበርሜሉ፣ በመቀርቀሪያውና በሌሎች ክፍሎች ላይ ያሉት ተከታታይ ቁጥሮች አንድ ከሆኑ ጠመንጃው ከፋብሪካ እንደወጣ ኖሯል ማለት ይቻላል። ከተለያዩ በአንድ ወቅት በአንድ ግምጃ ቤት ተፈታትቶ ከሌላ ጋር ተገጣጥሟል። ይህ ጉድለት ተብሎ ቁጥሩ እንዲፋቅ ምክንያት መሆን የለበትም። በመሠረቱ ቁጥሩ የተፋቀ ጠመንጃ በየትኛውም አገር የሚያስጠረጥር ነው። ባለፈቃዱም ቢሆን በፈቃድ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር በብረቱ ላይ ካልተገኘ የሚያስረዳው አይኖረውም።

ሌላው የሚያሳዝነን የሐሰት ማኅተም ነው። በአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ አንበሳም፣ ዘውድም፣ የአድዋ ዓመትም በአዲስ መዶሻ የተመታባቸው ብረቶች አይተናል። መለየቱ አስቸጋሪ አይደለም። የጥንት ማኅተም ጠርዙ ከብረቱ ጋር አብሮ አልቆ ለስልሷል፤ በጎድጓዳው ውስጥ ያለው ዝገትም ከዙሪያው ጋር አንድ መልክ አለው። አዲሱ ግን ጠርዙ በጣት ሲዳሰስ ይቈርጣል፤ በመዶሻው ኃይል የተገፋው ብረትም በዙሪያው ከፍ ብሎ ይታያል። እንዲህ ያለውን ገዝቶ ግድግዳ ላይ የሚሰቅል ሰው ልጆቹን ምን እንደሚያስተምር ያስብበት።

ታዲያ ጠመንጃው ሳይጸዳ ዝገት ይብላው ወይ? የሚለን ይኖራል። አይብላው። አስቀድሞ ባዶ መሆኑ በሚያውቅ ሰው ይረጋገጥ። ከዚያም ጨርቅ በነጭ ጋዝ አርሶ ማሸት፣ አድርቆ ቀጭን ዘይት መቀባት ይበቃል። የሽቦ ብሩሽ፣ አሲድና ሞረድ አይቅረቡት። በማኅተሙ ጎድጓዳ ውስጥ የቀረ ጥቁር ዝገት ካለ ይቅር፤ ፊደሉን የሚያሳየን እሱ ነው። ጽሑፉ ካልታየ መብራትን ከጎን አዘንብሎ ማብራት፣ ወይም ስስ ወረቀት አስደግፎ በእርሳስ ማሻሸት ፊደሉን ያወጣዋል። ዛሬ ደግሞ በብዙ ሰው ኪስ ውስጥ ፎቶግራፍ የሚያነሣ ስልክ አለና ማንሳት አያስቸግርም።

አንድ ሐሳብ እናቅርብ። የቆዩ ጠመንጃዎች ያሉባቸው ቤተ መዘክሮች፣ የአብያተ ክርስቲያናት ዕቃ ቤቶችና የአርበኞች ቤተሰቦች ለእያንዳንዱ ጠመንጃ አንድ ገጽ ይስጡ። በገጹ ላይ የሚታየው ማኅተም ሁሉ እንደታየ፣ ሳይተረጐም፣ ከነቦታው ይሣል፤ ፊደሉ የማይታወቅ ቢሆንም ቅርጹ ይቀዳ። ቤተሰቡ የሚለውም ከሥሩ ለብቻው ይጻፍ፤ ማን እንደተናገረውና መቼ እንደተናገረው ጭምር። ሁለቱ የማይስማሙ ቢሆን እንኳ አንዱ ስለ ሌላው ተብሎ አይሰረዝ። ሥራው ደብተርና እርሳስ ብቻ ነው የሚጠይቀው፤ ጊዜው ግን እያለፈ ነው። ብረቱ ቢቈይም የሚያስታውሱት ሰዎች እያነሱ ሄደዋልና።

የሃምሳ አለቃው የራሳቸውን ገጽ ጽፈው አሳይተውናል። ብሬሻ የሚለውን በሁለት ቀለም ስለውታል። ከሥሩ የእናታቸውን ቃል እንደወረደ አስፍረዋል። የአያታቸውን ታሪክ ግን አልሰረዙትም፤ «እስከ ዘንድሮ የካቲት ድረስ እንዲህ ይነገር ነበር» ብለው ከታች አስቀምጠውታል። ጠመንጃው ግድግዳው ላይ ወደነበረበት ተመልሷል። ታናሽየው አሁን የሚጠይቁን ከመቀርቀሪያው ሥር ስላለችው አንዲት ትንሽ ክብ ምልክት ነው።